የቦንግዮ ነጭ እግር

ቦንግዮ ቡችላ ልትወስድ የሄደች ዕለት ያሰበችው ቢጫውን ነበር። ቢጫው ወንድ ነው፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ የሰው ጫማ ይዞ የማይለቅ፣ ሁሉም የተመኘው። ኦይስተር የሚባለው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የሚፈለፈልበት ቤት ባለቤት ሲዩኪምም «እሱ ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካውም» ብላ ቃል ሰጥታት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ መንደሩ በሙሉ «ሰው ለማናደድ ሆን ብላ ያደረገችው ነው» እያለ ስላወራ ነው። ውሸት ነው። ከቤቷ ስትወጣ እንዲህ ያለ ሐሳብ በልቧ አልነበረም። ያናደዷት እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው።

ቦንግዮ ያን ጊዜ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሁሉ ሄልሜት ያድርግ የሚለው ሕግ የወጣበት ዓመት ነበር። እንደ አብዛኛው የመንደራችን ሴት እሷም በሲዩኪም ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ድንጋይ የመሰለውን የኦይስተር ቅርፊት በአጭር ቢላ እየፈለቀቀች ለስላሳውን ሥጋ ወደ ሳህን ስትጥል ትውላለች። ውሻ የፈለገችበት ምክንያት ቀላል ነው። ቤቷ ውስጥ ከእሷ ሌላ ያለችው የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት፣ የባሏ እናት እማማ ሊም ብቻ ናት። ቦንግዮ በዚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስትወጣ ስትገባ አንድም ቀን ብድግ ብሎ የተቀበላት ፍጥረት የለም። እስቲ ጭራውን እንኳ የሚቆላልኝ ይኑር አለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ስትደርስ ቡችሎቹ በተቀደደ ቅርጫት ውስጥ ይተራመሳሉ። እናታቸው የማን ዘር እንደሆነች እንኳን ሰው ራሷም የማታውቅ ቡናማ ዲቃላ ናት፤ የአባታቸውንማ ነገር ተዉት። ቦንግዮ ቆጠረች። አምስት ተወለዱ ተብሎ ያሉት አራት ናቸው። ከሚዛኑ አጠገብ ደግሞ አፉ በገመድ የታሰረ የማዳበሪያ ጆንያ አለ። ጆንያው ይንቀሳቀሳል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

«ተዪው እትዬ» አለች ሲዩኪም፣ ፊቷን ወደ ሚዛኑ አዙራ። «ከሰዓት በኋላ ባሌ ወንዙን አሻግሮ ገበያው አጠገብ ይጥላታል። እዚያ ትራፊ አታጣም።»

«ምን አድርጋ?»

«ምን ታድርግ፣ ተፈጥሮዋ ነው እንጂ። ሴት ናት። ጥቁር ናት። ደግሞ…» ሲዩኪም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አራቱም እግሯ።»

በመፈልፈያው ውስጥ የነበረው ቢላ ሁሉ ቆመ። ያን ዝምታ ቦንግዮ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ጎረቤት ወልዳ ልትጠይቅ ስትገባ ሰምታዋለች፤ ሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ ሰምታዋለች፤ አዲስ ጀልባ ወደ ባሕር ሲገፋ ከሩቅ ቆማ ስታይ ሰምታዋለች። በእኛ አገር ነጭ እግር ያለው ጥቁር ውሻ ደጃፍ ከረገጠ ያ ቤት ሬሳ ያወጣል ይባላል። በሰውም እንዲሁ ነው። ሙሽራ ከገባች በኋላ ቤቱን መከራ ከጎበኘው «ነጭ እግር ናት» ትባላለች። እግረ ደረቅ፣ ገደ ቢስ፣ እንደፈለጋችሁ በሉት። ቃሉ አንዴ ከተለጠፈ በሳሙናም በዕድሜም አይለቅም።

«አራቱም እግሯ ምን?» አለች ቦንግዮ፣ እያወቀች።

ከዳር በኩል ምላሷ የማያርፍ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ የተናገረች መስላ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «ሁለት ነጭ እግር በአንድ ቤት ከገባማ አሮጊቷ ሳምንትም አትሰነብት!» አለች። ሁለት ሦስቱ በአፍንጫቸው ሳቁ።

ቦንግዮ እንዲህ ዓይነቱን ሳቅ ስንት ጊዜ አንገቷን ደፍታ አልፋዋለች። የዚያን ቀን ግን ደሟ ፈላ። ለምን የዚያን ቀን ሆነ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ጆንያው እየተንቀሳቀሰ ባይሆን ኖሮ ምናልባት እንደ ሌላው ጊዜ ታልፈው ነበር።

«ስሚ አንቺ» አለቻት። «አሮጊቷ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። የማጥባት እኔ ነኝ፣ የማጎርሳት እኔ ነኝ። እኔ እናንተ እንደምትሉት ብሆን ኖሮ ይሄኔ አጥንቷም አይገኝም። እንዲያውም ከእናንተ አማቶች ሁሉ የእኔዋ ነች የከረመችው!»

ጎንበስ ብላ የጆንያውን ገመድ በኦይስተር ቢላዋ ቆረጠችው። ከውስጡ የወጣችው ከጫማ የማትበልጥ ጥቁር ነገር ነች፤ አራት እግሯ ኖራ የረገጠች ይመስላል። አልጮኸችም። የቦንግዮን ዓሣ ዓሣ የሚሸት ጓንት አሸተተችና ላሰችው።

«ቢጫውስ?» አለች ሲዩኪም ተደናግጣ።

«ቢጫው የሚፈልገው አያጣም።»

ውጭ ወጥታ ሄልሜቷን አወለቀችና ቡችላዋን በውስጡ አስቀመጠቻት፤ ሄልሜቱን በሞተር ሳይክሉ ወለል ላይ በሁለት እግሯ መሀል አጣብቃ ያዘችው። ባዶ ራሷን መንገድ ገባች። የመንግሥትንም የመንደሩንም ሕግ በአንድ ቀን ጣሰች ማለት ነው።

የዚችን ሴት ስም ራሱን ተመልከቱት። ቦንግዮ ማለት «እንግዲህ ከመጣች ምን ይደረጋል፣ ትደግ» እንደማለት ነው። አባቷ አምስተኛ ሴት ልጅ ሲወለድለት አፉ እንዳመጣለት ያወጣላት ነው። በሃያ ስድስት ዓመቷ ለሊም ቤት ታጨች። የተወለደችበት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት በቀይ ወረቀት ተጽፎ ለዐዋቂ ታየ፤ ከልጁ ከቲያምሆክ ጋር ግጥም ነው ተባለ። ቲያምሆክ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ሲበላ እንኳ ይስቃል። አራት ወር አብረው ኖሩ። ከዚያ አንድ ማዕበል የመጣ ዕለት ኦይስተር የሚንጠለጠልበትን የቀርከሃ ቆጥ ሊያጠብቅ ወደ ባሕር ወጣ፣ ጀልባው ባዶዋን ተመለሰች፣ እሱ በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

ሰባተኛው ቀን ላይ ለቀስተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ቦንግዮ ከመሬት ቀና ብላ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። እማማ ሊም ቀደመቻት። ጣቷን ወደ ሙሽራዋ እግር ቀስራ «ነጭ እግር! ልጄን የበላው የዚች እግር ነው!» ብላ ጮኸች። ለቀስተኛው በሐዘን እጁን አጨበጨበ፣ አለቀሰ፣ አመነ። ቦንግዮ ልትናገር የነበረውን ዋጠችው። ምን እንደዋጠች ኋላ ትሰሙታላችሁ።

ለምን ጥላ አልሄደችም የሚል ይኖራል። የት ትሂድ? አባቷ ነጭ እግር የሚል ስም ያንጠለጠለች ልጅ መልሶ አይቀበልም። የባሏ አባት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሞተ፤ የሞተው በስኳር በሽታ ነው፣ የተከሰሰው ግን የእሷ እግር ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም ጺንቲክ አግብቶ በመንደሩ ራስ ላይ የሲሚንቶ ቤት ሠራና እናቱን ለእሷ ትቶላት ወጣ። እሁድ እሁድ ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል። እናቱን አንድ ቀን አጥቦ አያውቅም፤ ግን ሰው ፊት «እናቴን እንዴት እንደምወዳት» ሲል ዓይኑ እንባ ያቀራል። እንዲህ ያለ ሰው አያጋጥማችሁ።

ቡችላዋን ይዛ ስትገባ እማማ ሊም ፊት ለፊቱ ክፍል፣ የቀርከሃ ወንበሯ ላይ ነበረች። ዓይኗ ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ሌላ አታይም። ጆሮዋ ግን የጎረቤት ድስት ሲከደን ይሰማል።

«ምንድነው የሚያቃስተው?»

«ውሻ ነው።»

«ሲዩኪም የሰጠችሽ ቢጫው?»

እዚህ ላይ ቦንግዮ «አዎ» ብትል ነገሩ ባለቀ ነበር። አሮጊቷ የውሻ እግር የምታይበት ዓይን የላትም። ቦንግዮም አሰበችው። ከዚያ የመፈልፈያው ሴቶች ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣ።

«ቢጫው አይደለም። ጥቁር ናት፣ አራት እግሯ ነጭ ነው።»

የአሮጊቷ እጅ የወንበሩን ክንድ ጨበጠ።

«አውጪልኝ።»

«አላወጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አላወጣም አልኩ፣ እማማ። እራትዎ ሲደርስ አመጣልዎታለሁ።»

ስም ያወጣችላት በማግስቱ ነው። የመንደራችን ውሻ ግማሹ «በረከት መጣ» የሚል ስም ነው ያለው፤ አንዱን ስትጠራ ስድስቱ ይመጣሉ። ቦንግዮ በጠራራ ፀሐይ ደጃፏ ላይ ቆመች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ከዚያ በጉሮሮዋ ሙሉ «ነጭ እግር! ኧረ ነጭ እግር! ነይ ብይ!» ብላ ተጣራች።

ማዶ ያለችው ጎረቤት መስኮቷን ዘጋች። ባልዲ ይዞ የሚያልፍ ሽማግሌ ቆመና ዞሮ በሌላ መንገድ ሄደ። ዕድሜ ልኳን ከኋላዋ ሲያንሾካሹኩት የኖሩትን ቃል አሁን በቀን ሦስት ጊዜ በጆሯቸው ትጮህበታለች። ቤት ውስጥ እማማ ሊም ቃሉ በተጠራ ቁጥር ትከሻዋ ይሸማቀቃል። ቦንግዮም አይታታለች። ደስ አላት ብላችሁ ብታሟት ሐሜት አይሆንም።

ውሻዋ በሦስት ወር ውስጥ የምታድገውን አደገች፤ ያም ያው ትንሽ ነው፣ ጉልበት አትደርስም። ሄልሜቱ ሲጠባት ሞተር ሳይክሉ ወለል ላይ ቆማ፣ የፊት እግሮቿን መሪው ሥር ደግፋ፣ ጆሮዋን ነፋስ እያጠፈው ትሄዳለች። መፈልፈያው ውስጥ ከቦንግዮ በርጩማ ሥር ትተኛለች፤ ሌላ ሰው አንድ ዓሣ ቢጥልላት ቦንግዮን ሳታይ አትነካም። ቦንግዮ ሽንት ቤት ከገባች በር ላይ ትጠብቃለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦንግዮ ከደጅ በገባች ቁጥር ብድግ ትላለች። አምስት ደቂቃ ብቻ ወጥታ ብትመለስም ብድግ ትላለች። የመጀመሪያውን ቀን ቦንግዮ የያዘችውን ባልዲ እንዳንጠለጠለች ቆማ አየቻትና «ተቀመጪ እንጂ፣ ምን በወጣሽ» አለቻት።

መንደሩ ደግሞ ሥራ አገኘ። የሲዩኪም ሚዛን ተሰበረ፣ ውሻዋ ናት። ያቺ ምላሷ የማያርፈው ሴት አውራ ጣቷን በቢላ ቆረጠች፣ ውሻዋ ናት። አፏ ሲያወራ እጇ ሊቆረጥ እንደሚችል ለማንም አልታየም። ዝናብ ቆየ፣ ውሻዋ። ዝናብ በዛ፣ ያው ውሻዋ። በመጨረሻ የጺንቲክ መኪና ጎማው መንገድ ላይ ፈነዳ። በዚያው እሁድ ጺንቲክ በሞተር ሳይክል ፍራፍሬ ይዞ መጣ፤ ያመጣው ከወትሮው እጥፍ ነበር።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ። አንድ ነገር ሲፈልግ ነው እንዲህ የሚያከብራት።

«ፍራፍሬውን አስቀምጥና የመጣህበትን ተናገር።»

«በሚቀጥለው ወር የልጄ ሠርግ ነው እንግዲህ።»

«አውቃለሁ። ጥሪው አልደረሰኝም እንጂ ወሬው ደርሶኛል።»

ጺንቲክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙሽራዋ ለሙታኖቻችን ልትሰግድ የምትገባው በዚህ ደጅ ነው። ወላጆቿም ከካዎሲዩንግ ከተማ አብረዋት ይመጣሉ። እና እንዲያው ይቺን…» በአገጩ ወደ ውሻዋ ጠቆመ። «ይቺን ነገር።»

«ስም አላት። በስሟ ጥራት።»

«እትዬ፣ እባክዎ።»

«ጥራት እንጂ! ልጅ ሆነህ ከእኔ ኋላ እየሮጥክ ስትጠራው አይከብድህም ነበር።»

የጺንቲክ ጆሮ ቀላ። ቢሆንም ነጋዴ ነውና ቶሎ ሌላ መንገድ ፈለገ። «ውሻ ከሆነ የሚፈልጉት እኔ እገዛልዎታለሁ። ዘሩ የታወቀ፣ ጸጉሩ እንደ ጥጥ ነጭ የሆነ፣ የከተማ እመቤቶች የሚይዙትን። ወረቀት ያለው!»

«የምን ወረቀት?»

«ዘሩ እስከ ቅድመ አያቱ የተጻፈበት ነዋ።»

«ድንቄም ወረቀት!» ቦንግዮ የያዘችውን መጥረጊያ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «እኔስ ያለ ወረቀት ነው የመጣሁት? የተወለድኩበት ሰዓት ሳይቀር በቀይ ወረቀት ተጽፎ ነው ይህን ደጅ የረገጥኩት። ዐዋቂያችሁ አይቶ ግጥም ነው አለ። ምን አደረገልኝ? አራት ወር! ይቺ ከጆንያ ነው የወጣችው። እናንተ የጣላችኋትን እኔ መርጬ አነሳኋት፣ እሷም እኔን መረጠች። ከእንግዲህ በዘር የተመረመረ ነገር በዚህ ቤት አላሳድግም።»

ከቀርከሃ ወንበሩ ላይ እማማ ሊም ተናገረች። «ባሏን ጠይቁት።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ቤቱ የቲያምሆክ ነው» አለች አሮጊቷ። «ትውጣ ካለ ትወጣለች። ሟችን ጠይቁና ይወስን።»

ጺንቲክ ፊቱ በራ። ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም። በእኛ አገር ሟች ከተጠየቀ በኋላ ክርክር የለም። በፊት ለፊቱ ክፍል ግድግዳ ላይ የባሕረኞች እናት የማጾ ምስል አለ፤ አጠገቧ የሙታኑ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ፊት ደግሞ ቀይ ቀለማቸው በእጅ ብዛት የለቀቀ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው እንጨቶች። አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ ሆድ ነው፣ ሌላው ጉብ ያለ ጀርባ። ጥያቄህን ተናግረህ ትወረውራቸዋለህ። አንዱ ተደፍቶ አንዱ ከተንጋለለ መልሱ «አዎ» ነው። ሁለቱም ከተደፉ «የለም» ነው። ሁለቱም ከተንጋለሉ የተጠየቀው እየሳቀ ነው።

ቦንግዮ እነዚያን እንጨቶች በየቀኑ አቧራቸውን ታራግፋለች እንጂ ለባሏ አንድም ቀን ወርውራቸው አታውቅም። እምቢ እንዳትል ሚስት ባሏን ለመስማት ፈራች ይባላል። እሺ ብትልና «አዎ፣ ትውጣ» ቢል ደግሞ የምትወጣው ውሻዋ ብቻ አይደለችም። መንደሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ያለውን ባሏ በራሱ አንደበት አጸደቀው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት እንዴት ይኖራል?

«ወርውር» አለች።

ጺንቲክ እጁን ታጥቦ ሰሌዳው ፊት ቆመ። እንጨቶቹን በግንባሩ ልክ ይዞ «ታላቅ ወንድሜ ቲያምሆክ፣ ይቺ እግሯ ነጭ የሆነ ውሻ ከቤትህ ትውጣ ወይ?» አለና ለቀቃቸው። በወለሉ ላይ ተንከባለው ሁለቱም ተደፉ።

«ምን አለ?» አለች አሮጊቷ።

«የለም አለ።»

«ድገም። አልሰማ ይሆናል። ስሙን ከተወለደበት ዓመት ጋር ጥራ።»

ጺንቲክ ደገመ። ሁለቱም ተንጋለሉ።

«አሁንስ?»

«እየሳቀ ነው፣ እማ።»

«ምን ያስቀዋል! ድገም!»

ጺንቲክ ጎንበስ ብሎ እንጨቶቹን አነሳ። ቦንግዮ መቼ እንደተንቀሳቀሰች አታውቅም፤ ብቻ የእሱን ክንድ አንቃ ይዛለች። ኦይስተር ስትፈለቅቅ የኖረች እጅ ናት፣ ጺንቲክ ሊያስለቅቃት ሞክሮ አልቻለም።

«ድገም!» አለች ቦንግዮ። «ድገም! እንደዚያን ቀን፣ አይደለም እማማ? እስኪስማማዎት ድረስ ድገም!»

«ምን ትቀባጥሪያለሽ?» አለች አሮጊቷ።

«አንተ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበርክ፣ ዐሥራ አራት ዓመትህ ነው፤ እንግዲህ ስማ።» ቦንግዮ የምትናገረው ለጺንቲክ ነበር፣ የምታየው ግን አሮጊቷን ነው። «ሬዲዮው ማዕበል ይመጣል አለ። ወንድምህ አልወጣም አለ። አባትህ ቆጡ ይበጠስብናል እያለ ያለቅሳል። እናትህ ማጾን እንጠይቅ አለች። እኔ የፍራፍሬውን ሳህን ይዤ እዚህ ጋ፣ ይኸው እዚህ ጋ ቆሜያለሁ። ይውጣ ወይ ብላ ወረወረች፣ የለም አለች ማጾ። ሁለተኛ ወረወረች፣ የለም አለች። ሁለት ጊዜ! አልሰማችንም ብላ ሦስተኛ ወረወረች። አዎ መጣ። ወንድምህ ቦት ጫማውን እያደረገ አየኝና ‹ማጾ እንደ እናቴ ሐሳቧን ቀየረች› ብሎ ሳቀ። በዚያው ወጣ። የማን እግር ነው የበላው? በሉ ንገሩኝ፣ የማን እግር ነው? እጅ ነው እንጂ!»

ጺንቲክ እንጨቶቹን ለቀቃቸው። ወለሉ ላይ ወደቁ፣ ምን ብለው እንደወደቁ ግን ማንም አላየም።

«እማ» አለ። «እውነት ነው?»

ውሻዋ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች አንዴ አዛጋች።

«አውቃለሁ» አለች አሮጊቷ በመጨረሻ፣ ወደ ቦንግዮ ድምፅ ዞራ። «እንዳየሽ አውቃለሁ። ሳህኑን ይዘሽ ከኋላዬ ነበርሽ። በሰባተኛው ቀን ከመሬት ቀና ብለሽ አፍሽን ስትከፍቺ አየሁሽ። ልትናገሪ ነው ብዬ ፈራሁ። ቀደምኩሽ።»

ቦንግዮ ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ስድብ ብዙ ነበር። ኦይስተር ስትፈለቅቅ፣ አሮጊቷን ስታጥብ፣ ልብሷን ስትጨምቅ በልቧ የደረደረችው። አንዱም ከአፏ አልወጣም። ቀደምኩሽ! ሠላሳ አንድ ዓመት የለበሰችው ስም ከዚህች ከአንዲት ቃል ነው የተሰፋው። ጎንበስ ብላ እንጨቶቹን አነሳች፤ የምትይዘው ነገር ብታጣ ነው።

«ሂድ» አለችው ጺንቲክን። «የልጅህን ሙሽራ በዚህ ደጅ አስገባት፣ ውሻዬም እዚሁ ትቀመጣለች። ነገ ልጅህን እንቅፋት ቢመታው የዚያችን ልጅ እግር ስታዩ ባገኛችሁ ግን ይህን ታሪክ ገበያ መሀል ቆሜ ነው የምናገረው።»

ጺንቲክ ሄልሜቱን ረስቶ ወጣ፣ ደጅ ላይ ውሻዋን እንዳይረግጥ ዞሮ አለፋት።

ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። መሸት ብሏል። እማማ ሊም እጇን ዘረጋች።

«እንጨቶቹን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ጠይቂልኝ። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ቲያምሆክን ጠይቂልኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔም አያይ። አንቺ ወርውሪና የወደቀውን ንገሪኝ። የምትዪኝን አምናለሁ።»

ቦንግዮ እንጨቶቹን በመዳፏ ውስጥ አገላበጠቻቸው። ብትወረውር በአንድ ቃል ልትገድላት ትችላለች፤ በአንድ ቃልም ልታሳርፋት ትችላለች። አሮጊቷ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች።

«አልወረውርም» አለች። «እኔ አንዲት ነገር ልጠይቀው ፈርቼ ነው ያረጀሁት። በእኔ እግር ነው ወይ የሞትከው ብዬ። በዓይኔ አይቼ እንኳ! እናንተ ስትደጋግሙት፣ ስትደጋግሙት፣ እውነት ይሆን እንዴ እያልኩ እግሬን ሳየው ነው የኖርኩት። እርስዎም ሳይጠይቁ ይኑሩ።»

እንጨቶቹን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸውና ወደ ማድቤት ገባች። ውሻዋ ብድግ ብላ ተከተለቻት።

የሩዝ አጥሚቱን ከስኳር ድንች ጋር አፈላች። ዓሣውን ጠበሰች፣ ለአሮጊቷ እንደ ወትሮው እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመችላት፤ ይህን አላስቀረችም። ከዚያ ሳህኖቹን አወረደች። በዚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመጀመሪያው ጭልፋ የእማማ ሊም ነበር። ቦንግዮ የመጀመሪያውን ጭልፋ በቤቱ ሳህን ቀዳች፣ አበረደችው፣ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ነጭ እግር» አለች፣ ሳትጮህ። «ነይ ብይ።»

አሮጊቷ በወንበሯ ላይ ሆና ሳህኑ መሬት ሲነካ ሰማች። ምላስ ሲልስም ሰማች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተራዋን ጠበቀች።